ገንዘቡ ሲቆም የሚቀረው፦ የሰሜን ሸዋ ምርምርና የውጭ አጋሮቹ

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገር የሚሰጠውን የልማት ዕርዳታ ለ90 ቀናት አገደ። ከአምስት ወራት በኋላ፣ ሰኔ 24 ቀን፣ ዩኤስኤይድ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኖ መሥራቱን አቆመ። በመሐሉ ከዚሁ ድርጅት በሚመጣ ገንዘብ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይመሩ የነበሩ የግብርና ምርምር ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ውላቸው ተቋርጧል። ሚያዝያ 23 ቀን ደግሞ ለጤና ምርምር ከፍተኛውን ገንዘብ የሚመድበው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ በምህጻሩ ኤንአይኤች፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ወደ ሌሎች አገሮች ተቋማት የሚተላለፈውን ንዑስ ድጋፍ በነበረበት መልክ እንደማይቀጥል አስታወቀ።

ይህን ተከትሎ በዩኒቨርሲቲዎቻችንና በምርምር ማዕከሎቻችን ዙሪያ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው «ውጮቹ ከሄዱ ምርምር አበቃለት» የሚል ነው። ሁለተኛው «ድሮም ዳታችንን ሊወስዱ ነው የመጡት፤ መሄዳቸው ይሻላል» ይላል። ሁለቱም የውጭ ትብብርን እንደ አንድ ወጥ ነገር ያዩታል። የአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋ ከአርባ ዓመት በላይ የውጭ አጋሮችን ያስተናገደ ዞን ስለሆነ ነገሩን ነጣጥሎ ለማየት ይመቻል። አንዳንዱ ትብብር እዚህ የጀመረው ሥራ ዛሬም አለ፤ አንዳንዱ ፕሮጀክቱ በተዘጋ ማግስት ጠፍቷል። ልዩነቱ የመጣው ከገንዘቡ ብዛት አይደለም። ጥያቄውን ማን አነሣው፣ መዝገቡ የት ተቀመጠ፣ የሜዳ ሠራተኛውን ደመወዝ ማን ይከፍላል የሚሉት ሦስት ነገሮች ናቸው የለዩት።

ትብብር ተብሎ የሚቆጠረው

የአንድ አገር ሳይንስ ከውጭ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ የሚነግሩን አኃዞች የሚወጡት እንደ ስኮፐስና ዌብ ኦቭ ሳይንስ ካሉ የጽሑፍ ቋቶች ነው። በእያንዳንዱ የታተመ ጽሑፍ ላይ ደራሲዎቹ የተቋማቸውን አድራሻ ይጽፋሉ። ከኢትዮጵያ አድራሻ ጎን አንድ የውጭ አድራሻ ከተገኘ ጽሑፉ «ዓለም አቀፍ ትብብር» በሚለው ዓምድ ይገባል። ማን ምን ሠራ የሚለውን ቋቱ አይጠይቅም።

ከዚህ የተነሣ አኃዙ በቀላሉ ያሳስታል። መቀመጫው በሲያትል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት በአንድ ጽሑፍ ላይ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ደራሲዎችን ያሰልፋል። በርካታ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም የዚህ መረብ አባል ናቸው። እንዲህ ያለው አንድ ጽሑፍ በቆጠራ ላይ፣ ሦስት ተመራማሪዎች ለአራት ዓመት አንድ ማሳ ላይ ደክመው ካወጡት ጽሑፍ ጋር እኩል አንድ ነው። ጽሑፉ በኢትዮጵያ ስም ሲያዝ ደግሞ ኢትዮጵያን ከመቶ በላይ አገሮች ጋር ባንድ ጊዜ «ያስተባብራታል»። ይህን ለማረም ክፍልፋይ ቆጠራ የሚባል ዘዴ አለ፦ ደራሲዎቹ አንድ ሺህ ከሆኑ እያንዳንዱ አንድ ሺህኛ ብቻ ይያዝለታል። ተቋማት ለደረጃ ማውጫ የሚያቀርቡት አኃዝ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ ቆጠራው ነው፤ ከፍ ያለው እሱ ነውና።

ሁለተኛው ችግር የድርብ አድራሻ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ያለ መምህር የሁለቱንም ዩኒቨርሲቲዎች አድራሻ ከጻፈ፣ ብቻውን የሠራው ጽሑፍ ዓለም አቀፍ ትብብር ይሆናል። በሌላ በኩል በቋቱ ያልተመዘገቡ የአገር ውስጥ ጆርናሎች፣ የምርምር ማዕከላት ዓመታዊ ሪፖርቶችና ለገበሬ የሚዘጋጁ የአማርኛ መመሪያዎች ጨርሶ አይታዩም። የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ሥራ ትልቁ ክፍል ያለው በነዚህ ውስጥ ነው።

የመግባቢያ ሰነድ ቁጥርም እንዲሁ ነው። የመግባቢያ ሰነድ ፍላጎትን ይገልጻል እንጂ በጀት የለውም፣ የጊዜ ሰሌዳ የለውም፣ ባይፈጸም የሚያስጠይቀው ነገር የለም። ስለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሰነዱን ቁጥር ትቶ፣ ከሰነዶቹ ውስጥ በጀት ያለው ዝርዝር ውል የተከተላቸው ስንት ናቸው ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ሰሜን ሸዋ ለምን ተመረጠች

የውጭ አጋሮች ወደዚህ ዞን የመጡት በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ተፈጥሮው ነው። በጥቂት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ውርጭ የሚመታው የመንዝ ደጋ፣ የጥቁር አፈር ሜዳ፣ የጀማ ሸለቆ ቆላ፣ የጣርማ በር ገደል ይገኛል። ሌላው ቅርበቱ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ በምህጻሩ ኢልካ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የምርምር ጣቢያ ነበረው። ማዕከሉ ኋላ ከናይሮቢው የእንስሳት በሽታ ምርምር ተቋም ጋር ተዋህዶ የዛሬው ኢልሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የጥቁር አፈር ፕሮጀክት አንዱ ጣቢያ እነዋሪ ነበረች። የእነዋሪ ገበሬዎች ውሃ የሚያቁረውን መሬት ለማጠንፈፍ መደብና ቦይ በእጃቸው የማውጣት የቆየ ልማድ ነበራቸው፤ ፕሮጀክቱ በበሬ የሚጎተትና 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ከማረሻው ላይ ተነሥቶ ሠራ። ቅርብ ጊዜ ደግሞ በዩኤስኤይድ ገንዘብ በኢልሪ አስተባባሪነት የተሠራው አፍሪካ ራይዚንግ የተባለው የግብርና ምርምር ፕሮግራም በኢትዮጵያ ከመረጣቸው አራት ወረዳዎች አንዱ ባሶና ወራና ነበር፤ ጎሼ ባዶና ጉዶ በረት ቀበሌዎች ላይ ሠርቷል።

ቅርበት ግን የራሱ መዘዝ አለው። ጉዶ በረትም ሆነ ቀጥሎ የምናየው የአንዲት ጥድ ጣቢያ ከደሴ መንገድ ዳር ናቸው። ሁለት ሳምንት ብቻ ያለው የውጭ ተመራማሪ፣ መኪና በቀን የሚከራይ ፕሮጀክት፣ ማታ ደብረ ብርሃን መመለስ የሚፈልግ ቡድን አስፋልት ዳር ያለውን ቀበሌ ይመርጣል። ከዚያ በፊት የተጠና ቦታ መነሻ መረጃ ስላለው የሚቀጥለው ፕሮጀክትም እዚያው ይመጣል። በዚህ አካሄድ አንዳንድ ቀበሌዎች በመጠይቅ ብዛት ሲሰለቹ፣ የጊሼ፣ የሚዳና የመርሐቤቴ ቆላዎች ከካርታው ወጥተው ይቀራሉ። ይህ ሳይንሳዊ ጉድለት ነው። ከመንገድ ዳር ደጋ የተገኘ ውጤት «ሰሜን ሸዋ» በሚል ርዕስ ሲታተም፣ ስለ ጀማ ሸለቆ አንዳች የማይናገር ጽሑፍ በጀማ ሸለቆ ላይ ለሚወሰን ውሳኔ ማስረጃ ይሆናል።

አንዲት ጥድ

ከባህር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው አንዲት ጥድ 477 ሄክታር ገደማ የሚሆን ተፋሰስ ነው። የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲና የግብርና ሚኒስቴር በስዊዝ መንግሥት ድጋፍ በአገሪቱ ካቋቋሟቸው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች አንዱ ሲሆን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

የሥራው ዓይነት ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የመዝገቡ ዋጋ አይገባም። ዝናቡ በዝናብ መለኪያ ይመዘገባል። አንድ ሜትር በሦስት፣ ሁለት ሜትር በአሥራ አምስት፣ ስድስት ሜትር በሠላሳ በሆኑ የታጠሩ የመሬት ቁራጮች ላይ የሚታጠበው አፈርና ውሃ በታችኛው ጫፍ ባለ ማጠራቀሚያ ይያዛል። በተፋሰሱ መውጫ የወንዙ ከፍታ ይለካል። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲደፈርስ ደግሞ የጣቢያው ሠራተኛ በየአሥር ደቂቃው አንድ ሊትር ውሃ ይቀዳል፤ እየጠራ ሲሄድ በየሠላሳ ደቂቃው ያደርገዋል። ናሙናው ተጣርቶ ይደርቃል፣ ይመዘናል፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም አፈር እንደነበረ ይጻፋል። ጎርፉ በሌሊት ከመጣ ሥራውም በሌሊት ነው። ከዓመቱ የሚታጠበው አፈር ትልቁ ክፍል በጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች ስለሚሄድ፣ አንድ የሐምሌ ሌሊት ያመለጠው ሠራተኛ የዓመቱን ድምር ያዛባል።

ይህ ሥራ የተመሠረተው ከጣቢያው አጠገብ በሚኖር፣ በሠለጠነና ደመወዙ በማይቋረጥ ሰው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የስዊዙ ፕሮጀክት አብቅቶ ጣቢያዎቹ ወደ ክልል የግብርና ምርምር ተቋማት ሲዛወሩ በመዝገቦቹ ላይ ክፍተት መታየት የጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የተቀበለው ወገን ዕውቀት አላነሰውም። የጎደለው የመለኪያ ወረቀት፣ የመለዋወጫና የውሎ አበል በጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የውሃና መሬት ሀብት ማዕከል ዳታውን ሰብስቦ ጣቢያዎቹን እንደገና ማንቀሳቀስ ጀመረ። ያመለጡት ዓመታት ግን በምንም ገንዘብ አይመለሱም፤ ያለፈ ዝናብ ተመልሶ አይለካም።

አንዲት ጥድ ከውጭ ትብብር የተገኘ ትልቅ ሀብት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ስለ አፈር መሸርሸር ስንናገር የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች አብዛኞቹ ከእነዚህ ጣቢያዎች የወጡ ናቸው። ድክመቱ ያለው በርክክቡ ላይ ነው። ፕሮጀክቱ ሲነደፍ «ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የሁለት ሰዎችን ደመወዝ የሚከፍለው የትኛው የበጀት ኮድ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ቢያገኝ ኖሮ ክፍተቱ ባልመጣ ነበር።

የመንዝ በግ፦ ሁለት ትብብር፣ ሁለት ውጤት

የመንዝ በግ ትንሽ፣ ላታም፣ ብርድና ረሃብ የሚችል፣ ባናና ዝተት የሚሠራበት ፀጉር ያለው ዝርያ ነው። በእሱ ላይ በተለያየ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ አካሄዶች ተሞክረዋል።

የመጀመሪያው ማዳቀል ነው። ከእስራኤል የመጣ የአዋሲ በግ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የመንግሥት ማራቢያዎች ከመንዝ በግ ጋር እየተዳቀለ ክልስ አውራዎች ለገበሬው ተሠራጩ። በቂ መኖ ባለበት ክልሱ በግልጽ ይበልጣል፣ በገበያም ዋጋ ያወጣል። ችግሩ ከሌላ በኩል መጣ። በማራቢያዎቹ ውስጥ ሜዲ ቪዝና የሚባለው የበግ የሳንባ በሽታ ተገኘና ሥርጭቱ እንዲቋረጥ ተገደደ። ይህ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚገድል፣ ክትባትም መድኃኒትም የሌለው ነው። ምልክቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ጤነኛ የሚመስል አውራ መንጋ ውስጥ ገብቶ ሊያዛምተው ይችላል። የውጭ ዝርያ ማስገባት ማለት አብሮ የደም ምርመራ ላቦራቶሪ፣ ማቆያ ሥፍራና የረጅም ዘመን ክትትል ማስገባት ነው፤ በጉ ብቻ ቀድሞ ሲመጣ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው አካሄድ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀመረ። የደረቅ አካባቢ ግብርናን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማዕከል ኢካርዳ፣ ኢልሪና የቪየናው የተፈጥሮ ሀብት ዩኒቨርሲቲ ከአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት ጋር በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ አስጀመሩ። የመንዙን የያዘው የደብረ ብርሃን ማዕከል ነው። ዘዴው ከውጭ ዝርያ አያመጣም፤ ከራሱ ከገበሬው መንጋ የተሻለውን አውራ ይመርጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች በጎች በሙሉ የጆሮ ቁጥር ይደረግላቸዋል። ከመንደሩ የተቀጠረ መዝጋቢ ግልገሉ ሲወለድ ቀኑን፣ እናቱንና ክብደቱን ይጽፋል፤ ጡት ሲጥል፣ ስድስት ወር ሲሞላውና ዓመት ሲሆነው እንደገና ይመዝነዋል። ማዕከሉ ይህን ዳታ ይዞ ለእያንዳንዱ ጠቦት የዝርያ ብቃት ግምት ያወጣል፤ ይኸውም የበጉ ክብደት ከመኖውና ከወቅቱ ምን ያህል፣ ከውርሱ ምን ያህል እንደመጣ የሚለይ ስሌት ነው። ከዚያ ገበሬዎቹ የመረጡት ኮሚቴ የተመረጡትን ጠቦቶች በዓይን አይቶ መልኩን፣ ላቱን፣ ቀንዱንና አቋሙን ይገመግማል። ያለፈው አውራ በቡድን ይያዛል፤ የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል። ያልተመረጡት ይኮላሻሉ ወይም ይሸጣሉ።

የሚበላሸውም በታወቁ ቦታዎች ነው። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ፈጥኖ ይሸጣል። ፋሲካ ወይም መስቀል ከስድስት ወሩ ምዘና ከቀደመ ምርጡ ገበያ ወጥቶ ለርቢ የሚቀረው ቀጫጫው ይሆናል። ይህ ዝርያውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ከበዓል ገበያ በፊት መደረግ አለበት፣ ባለቤቱም የሚጠብቅበት ገንዘብ ከተዘዋዋሪ ፈንድ ሊከፈለው ይገባል። ሌላው የተለመደ ብልሽት ለሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው መዝጋቢ ቁጥሮችን ቤቱ ተቀምጦ መሙላቱ ነው፤ ግምቱን የሚያሰላው ኮምፒውተር ይህን አያውቅም።

ሁለቱም ፕሮግራሞች የውጭ እጅ አለባቸው። በመጀመሪያው መፍትሔው ተዘጋጅቶ መጣ፤ በሁለተኛው የመጣው ዘዴ ነበር፣ በጉም መስፈርቱም የመንዝ ገበሬ ሆነ። መንዝ፣ ቦንጋና ሆሮ የመጀመሪያው ፕሮጀክት ካበቃ በኋላ ሲቀጥሉ የአፋሩ ተቋርጧል። ስለዚህ ዘዴው ብቻውን ዋስትና አይሰጥም፤ ሰፍሮ የሚኖር ማኅበረሰብና አቅራቢያ ያለ ማዕከል ይፈልጋል።

ቆርምድ፦ ጥያቄው ከዚህ፣ መሣሪያው ከዚያ

እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በሰሜን ሸዋና በሌሎች ደጋዎች ባቄላን የያዘ አዲስ በሽታ ታየ። ቅጠሉና አገዳው ላይ አረንጓዴ እባጭ ይወጣል፣ ኋላ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ ተክሉ ይቀጭጫል። ገበሬው ቆርምድ አለው። የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች በየወረዳው እየዞሩ ሥርጭቱን መዘገቡ፤ ባይሌቶን የሚባለውን ፀረ ፈንገስ በዘር ማሸትና በቅጠል ርጭት ሞከሩ።

የበሽታውን አምጪ በተመለከተ ግን ከቻይናና ከጃፓን የቆዩ ጽሑፎች በመነሣት ኦልፒዲየም የሚባል ተሕዋስ ነው ተብሎ ለዓመታት ተይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የኢትዮጵያና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት ጥናት በዘረ መል ምርመራ ፊዞደርማ የሚባል ሌላ ተሕዋስ መሆኑን አሳዩ። ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተሕዋሱ በአፈርና በገለባ ውስጥ እንዴት እንደሚከርም፣ መቼ ተክሉን እንደሚይዝ፣ የትኛው ኬሚካል በየትኛው ሳምንት እንደሚያገኘው የሚወሰነው በማንነቱ ነው።

እዚህ ላይ የነበረው ክፍፍል ጥሩ ትብብር ምን እንደሚመስል ያሳያል። ጥያቄው ከባሶናና ከመንዝ ማሳ ተነሣ፤ ናሙናውን የያዙት በሽታውን ለዓመታት የተከታተሉ ሰዎች ናቸው፤ ከውጭ የተፈለገው እዚህ የሌለው የምርመራ አቅም ነው። የበልግ ገብስን ብንወስድ እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። የበልግ ዝናብ መዛባት ለሰሜን ሸዋ ደጋ የእህል ጥያቄ ቢሆንም፣ ከአካባቢው ውጭ ብዙ ስለማይታወቅ በውጭ የገንዘብ ጥሪዎች ርዕስ ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የሚጠኑት በአገር ውስጥ በጀት ብቻ ነው፤ እሱም ትንሽ ነው። በዩኔስኮ መረጃ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለምርምርና ልማት ያወጣችው ከአገራዊ ምርቷ 0.27 በመቶ ነበር፤ የአፍሪካ ኅብረት አገሮች የተስማሙበት ግብ 1 በመቶ ነው።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ

በተለመደው አሠራር የውጭው ዩኒቨርሲቲ ዋናውን ግራንት ይቀበላል፤ ለኢትዮጵያው አጋር የሚሰጠው ድርሻ ንዑስ ድጋፍ ይባላል። ሪፖርቱም ሒሳቡም በዋናው ተቀባይ በኩል ያልፋል። ብዙ ጊዜ ክፍያው ወጪው ከተደረገ በኋላ ደረሰኝ ታይቶ ስለሚላክ፣ የዚህኛው ተቋም ቀድሞ ማውጣት መቻል አለበት።

ኦቨርሄድ የሚባለው ለመብራት፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለቢሮና ለላቦራቶሪ ጥገና ለተቋሙ የሚታሰብ ድርሻ ነው። ኤንአይኤች ለውጭ አገር ተቋማት የሚፈቅደው 8 በመቶ ሲሆን፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በድርድር ከዚህ ብዙ እጥፍ ያገኛሉ። በአውሮፓ ኅብረቱ ሆራይዘን ፕሮግራም ግን ለሁሉም አጋር 25 በመቶ ነው፤ የኢትዮጵያ ተቋማትም ገንዘብ ተቀባይ አጋር መሆን ይችላሉ። በ100,000 ዶላር ሥራ ላይ 8,000 እና 25,000 ማለት ነው። የግራንት ቢሮ ማቋቋም የሚቻለው በሁለተኛው ነው።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያው አለ። የመንግሥት ተቋም ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ በጀት እስኪከፈት ክፍያ ይቀዘቅዛል። የደጋው የሜዳ ምርምር ደግሞ የሚጦፈው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ልምድ ያለው አስተባባሪ የክረምቱን ነዳጅ፣ አበልና ዕቃ ግንቦት ሳያልቅ ያስወጣል። የላቦራቶሪ ኬሚካልም ቢሆን ከውጭ ምንዛሪ እስከ ጉምሩክ ወራት ይፈጃል፤ ማቀዝቀዣ የሚፈልገው መንገድ ላይ ከሞቀ ሲደርስ አይሠራም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ልዩነቱ ሰፋ። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለምሳሌ ያህል የ200,000 ብር የአገር ውስጥ የምርምር ድጋፍ 3,500 ዶላር ገደማ ዕቃ ይገዛ የነበረው፣ በ110 ብር ሲመነዘር 1,800 ዶላር ገደማ ብቻ ይገዛል። በዶላር የሚመጣ ፕሮጀክት በአንጻሩ በብር ሲታይ አደገ። ስለዚህ ወጣቱ ተመራማሪ ከአገር ውስጥ ጥያቄ ይልቅ ወደ ውጭ ጥሪ ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

ናሙና፣ ዳታና ስም

«ዳታችን ተወሰደ» የሚለው ስጋት መሠረት አለው። ጤፍን የሚመለከተው ጉዳይ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ፣ በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ በሆላንድ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2018 መጨረሻ ነው። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 የዘረ መል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። ለተክል፣ ለእንስሳትና ለተሕዋስያን ናሙና ፈቃዱ የሚጠየቀው ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ ከመላኩ በፊት የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይፈረማል።

ስምምነቱ ላይ መታየት ያለባቸው አንቀጾች ጥቂት ናቸው፦ ናሙናው ለየትኛው ምርመራ ብቻ እንደሚውል፣ ለሦስተኛ ወገን ይተላለፍ እንደሆነ፣ የተረፈው ይመለሳል ወይስ ይወገዳል፣ ከናሙናው የወጣው የዘረ መል ቅደም ተከተል የት ይቀመጣል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቅደም ተከተሉ ክፍት ቋት ላይ ከተጫነ ናሙናው አገር ውስጥ ቢቀርም ጥቅሙ ወጥቷል።

በመንዝ ጓሳ ላይ ያለው ምርምር እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው። ጓሳ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት በራሱ ሕዝብ የተጠበቀ የጋራ ሣር ምድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ተመራማሪዎች የሚመራ የጭላዳ ጥናት፣ በቀይ ቀበሮ ላይ ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት የጥበቃ ፕሮግራም ሠርተውበታል። ተመራማሪው ያገኘው ለጥናት የሚመች መንጋ የቀረው የመንዝ ሰው ሣሩን ስለጠበቀ ነው። ይህ ዕውቀት በአዋጁ ዓይን የማኅበረሰብ ዕውቀት ነው። ጽሑፎቹ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ «የጥናቱ ቦታ» በሚለው ክፍል አንድ አንቀጽ ብቻ ይሰጠዋል፤ ይህ አይበቃም።

የደራሲነት ስምም ከዚህ አይለይም። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት መስፈርት ያስቀምጣል፦ በሐሳቡ ወይም በዳታው ላይ ጉልህ ድርሻ፣ በጽሑፉ ዝግጅት መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ። አራቱም መሟላት አለባቸው። ረቂቁ ወደ ጆርናሉ ከመላኩ በፊት ለአገር ውስጥ አጋሩ ለሁለት ቀን ብቻ ተሰጥቶት ከሆነ፣ ሁለተኛውን መስፈርት እንዳያሟላ ያደረገው ራሱ ትብብሩ ነው።

አንድ ተግባራዊ ነጥብ ብዙዎች ያልፉታል። ማንም በነፃ የሚያነባቸው ክፍት ጆርናሎች ለማሳተም ከ2,000 ዶላር በላይ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ለኢትዮጵያ ደራሲዎች ብዙ አሳታሚዎች ክፍያውን ይተዋሉ። ይቅርታው ግን በአብዛኛው የሚታየው በተጻጻፊው ደራሲ፣ ማለትም ከጆርናሉ ጋር በሚጻጻፈው ሰው አድራሻ ነው። ተጻጻፊው ደራሲ ከደብረ ብርሃን ቢሆን በነፃ የሚወጣ ጽሑፍ፣ ተጻጻፊው ውጭ ሲሆን ይከፈልበታል። ስለዚህ ይህን ቦታ መጠየቅ ገንዘብ የሚያድን ምክንያትም አለው። መጠየቅ ያለበት ግን ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ነው።

ከዚህ በኋላ

የውጭ ትብብርን የሚደግፉ ሰዎች ትክክል የሚሆኑበት ቦታ ግልጽ ነው፦ ዛሬ በማዕከሎቻችንና በአስራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ያሉ በርካታ ባለሙያዎች የሠለጠኑት በእንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች ነው። የሚተቹትም ትክክል ናቸው፤ አጀንዳው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ተቆርጦ ይመጣል። ክርክሩ ግን አንድ ነገር ይዘልላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው የትጥቅ ግጭት የገንዘብ ቅነሳው ከመምጣቱ በፊት ብዙ ነገር ቀይሯል። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የጉዞ መድን በአብዛኛው ሠራተኞቻቸው ወደ ሜዳ እንዲወጡ አይፈቅድም፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መዝጋቢዎችና የልማት ሠራተኞች እንደልብ አይንቀሳቀሱም። ሰው መላክ ያልቻለ አጋር ወይ ሥራውን ሌላ አገር ይወስዳል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ለአገር ውስጡ ቡድን ይተዋል። ሁለተኛው ዕድል ነው። ችግሩ ግን አደጋው ብቻ በሜዳ ላለው ሰው ተላልፎ መድኑ ሳይተላለፍ ሲቀር ነው፤ ለአገር ውስጥ የሜዳ ሠራተኞች የሕይወትና የጉዳት መድን በበጀቱ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ሊሆን ይገባል።

የኤንአይኤች ለውጥም ሁለት ፊት አለው። ንዑስ ድጋፉ ቀርቶ የውጭ ተቋማት ድርሻቸውን ከዋናው ግራንት ጋር በተያያዘ ሆኖም በራሳቸው ስም በሚሰጥ ድጋፍ እንዲቀበሉ ታስቧል። አቅም ላለው ተቋም ይህ መካከለኛውን ያስቀራል። የግራንት ቢሮ፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብና በየዓመቱ የሚመረመር መዝገብ ለሌለው ግን በሩ ይጠባል። አመልካች ተቋም በአሜሪካ መንግሥት የአቅራቢዎች መዝገብ ውስጥ ስሙ መኖር አለበት። ለዚህም የተቋም መለያ ቁጥር ያወጣል፣ ከአሜሪካ ውጭ ስለሆነ ተጨማሪ መለያ ኮድ ይጠይቃል፣ በሁሉም ሰነድ ላይ ስሙና አድራሻው በፊደል ሳይለያይ አንድ መሆን አለበት። የአማርኛ ስማችን በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ አንድ ዓይነት፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ዓይነት እየተጻፈ ብዙ ማመልከቻ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ምዝገባው ሳምንታት ይፈጃል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። የገንዘብ ጥሪ ከወጣ በኋላ የጀመረ ተቋም ለመዝጊያው ቀን አይደርስም።